ካርቱምን የነደፉ የስኮትላንድ ሰዎች

የታሪክ ትምህርት በክፍል ውስጥ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ነገሥታት፣ የጦር አዛዦችና የውል ስምምነቶች ናቸው። ከተማ ራሱን የቻለ የታሪክ ሰነድ መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። መንገዱ ለምን ቀጥ አለ? የሠራተኛው ሠፈር ለምን ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ማዶ ሆነ? የባለ ሥልጣኑ ቤት ለምን ወንዝ ዳር ተሠራ? እነዚህ ጥያቄዎች ተራ ቢመስሉም፣ ከተማውን የነደፈው ማን እንደ ነበረና ለማን ይሠራ እንደ ነበረ ወደሚያስረዳ መልስ ያደርሱናል።

በዚህ ጽሑፍ የጎረቤታችንን የሱዳንን ዋና ከተማ ካርቱምን እንመለከታለን። በተለይም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሙያቸውን ይዘው ከስኮትላንድ ወደ ካርቱም የመጡ ወይም ሥራቸውን ወደዚያ የላኩ ጥቂት ሰዎች በከተማዋ መልክ ላይ ምን አሻራ እንደተዉ እንመረምራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ ያስፈልጋል።

ሙያን ይዞ መሰደድ

ለኢትዮጵያ የታሪክ ተማሪ ስኮትላንዳዊ ሲባል በመጀመሪያ የሚታወሰው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1770 ጎንደር ገባ፤ በዚያው ዓመት የአባይን ምንጭ ግሽ አባይ ላይ አየ፤ ከዚያም በስናር በኩል አድርጎ በ1772 ጥቁር አባይና ነጭ አባይ በሚገናኙበት አካባቢ አለፈ። በዚያን ጊዜ በሁለቱ ወንዞች መገናኛ ላይ ዛሬ ካርቱም የምንላት ከተማ አልነበረችም። ብሩስ ተመልካችና መንገደኛ ነበር። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ የመጡት የአገሩ ልጆች ግን የመጡት ለማየት ሳይሆን ለመሥራትና ለማዘዝ ነበር።

ስኮትላንድ ትንሽ አገር ናት። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በሰሜኑ ተራራማ ክፍል ብዙ ገበሬ ለባላባቱ የበግ ማርቢያ ሲባል ከመሬቱ ተፈናቅሏል። በደቡብ በኩል ደግሞ ግላስጎውና በክላይድ ወንዝ ዳር ያሉት ከተሞች የመርከብ፣ የባቡርና የብረታ ብረት ሥራ ማዕከል ሆኑ። የኤዲንብራና የግላስጎው ዩኒቨርሲቲዎች ሐኪሞችንና መሐንዲሶችን በብዛት አሠለጠኑ። አገሪቱ ልታሠራው ከምትችለው በላይ የተማረ ሰው ስላፈራች፣ የስኮትላንድ ሰው ሙያውን ይዞ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ ሕንድና ወደ አፍሪካ ተበተነ።

የዚህን ፍልሰት ባሕርይ ለመረዳት ከጨዋታ ሜዳ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጎልፍ የሚባለው ጨዋታ እንደ እኛ ገና በቆመጥ የሚጫወቱት ነው፤ ልዩነቱ ኳሷ ትንሽ መሆኗና በሰፊ ሣር ሜዳ ላይ ከተቆፈሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ እንድትገባ መደረጉ ነው። ጨዋታው በስኮትላንድ ለዘመናት የኖረ ሲሆን፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የአሜሪካ ባለጸጎች ሲወዱት ሜዳውን የሚነድፍላቸው ሰው ፈለጉ። በ1872 በዶርኖክ የተወለደው፣ በአናጢነት የሠለጠነውና የሣር ሜዳ ጠባቂ የነበረው ዶናልድ ሮስ በ1899 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1948 እስኪሞት ድረስም ወደ 400 የሚጠጉ ሜዳዎችን ነደፈ። ቶም ቤንደሎው የተባለው የአበርዲን ሰው ደግሞ በጋዜጣ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር፤ እሱም አሜሪካ ከገባ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ሜዳዎችን ነድፏል። አንድ ሙያ በአንድ አገር ተራ ነገር ሆኖ ሳለ በሌላው አገር ብርቅ ሊሆን እንደሚችል እነዚህ ሰዎች ያሳያሉ።

ነገር ግን ነዳፊው ብቻውን ሜዳ አይሠራም። በኒው ዮርክ አጠገብ በሎንግ አይላንድ በ1891 የተሠራው የሺኔኮክ ሂልስ ሜዳ የተቆፈረውና የተደለደለው በሺኔኮክ ሕንዶች ጉልበት ነበር። መሬቱም በፊት የእነሱው የአባቶቻቸው መሬት ነበር። የሜዳው ነዳፊዎች ስም በየመጽሐፉ ሲጻፍ፣ አካፋና ዶማ የያዙት ሰዎች ስም ግን በአብዛኛው አልተጻፈም። ካርቱምንም ስንመለከት ይህንኑ ነገር ማስታወስ ይገባናል።

ካርቱም ከ1898 በፊት

ካርቱም የተቆረቆረችው በ1821 የግብፅ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን ሲወር ነው። ከጦር ሠፈርነት ተነሥታ የጠቅላይ ገዥው መቀመጫና የንግድ ከተማ ሆነች። የዝሆን ጥርስና፣ ከሁሉም በላይ አሳዛኝ የሆነው የባሪያ ንግድ፣ አበለጸጓት። ጥር 26 ቀን 1885 የመሐዲው ተከታዮች፣ በእኛ አገር አጠራር ደርቡሾች፣ ከተማዋን ያዙ፤ ጄኔራል ጎርደንም ተገደለ። መሐዲው በዚያው ዓመት ሲሞት የተተካው ኸሊፋ አብዱላሂ መቀመጫውን ከነጭ አባይ ማዶ በኦምዱርማን አደረገ። የካርቱም ነዋሪ ከተማውን ለቆ እንዲሻገር ታዘዘ፤ የቤቶቹም ጡብና እንጨት እየፈረሰ ለኦምዱርማን ግንባታ ተወሰደ።

ኦምዱርማን ያለ ሥርዓት የበቀለች ከተማ ነበረች የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ይህ ግን ትክክል አይደለም። ኦምዱርማን በወንዙ ዳር ረጅም ሆና የተዘረጋች ስትሆን፣ መካከሏ ሕዝቡ ለጸሎት የሚሰበሰብበት ሰፊ የመስጊድ አደባባይ ነበር። ሠፈሮቿ በየነገዱ የተከፋፈሉ ነበሩ፤ ገበያዋም በየሸቀጡና በየሙያው የተለየ ነበር። ቤይት አል ማል የሚባለው የመንግሥት ግምጃ ቤት የራሱ ሠፈር ነበረው። ይህም ንድፍ ነው፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ የተሣለ ሳይሆን በሕዝብ አሰፋፈር የተገለጸ ንድፍ ነው። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ መጋቢት 9 ቀን 1889 አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ሲወድቁ ድል አድራጊው ጦር የተመለሰው ወደዚህችው ኦምዱርማን ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1898 በካራሪ ሜዳ በተደረገው ውጊያ በኪችነር የሚመራው የእንግሊዝና የግብፅ ጦር መትረየስና መድፍ ይዞ ከ10,000 በላይ የሱዳን ሰዎችን ገደለ። በጥር ወር 1899 በተፈረመው ውል ሱዳን የእንግሊዝና የግብፅ ጣምራ አገዛዝ ናት ተባለ። በተግባር ግን ሥልጣኑ የእንግሊዝ ነበር። ኪችነርም መቀመጫውን በኦምዱርማን አላደረገም። የፈረሰችውን ካርቱምን ከመሠረቷ እንደገና ለመሥራት ወሰነ።

ኪችነር ያሰመረው መስመር

የኪችነር የጦር መሐንዲሶች መሬቱን በቀጥተኛ መንገዶች ከፋፈሉት፤ ቀጥተኞቹንም መንገዶች የሚያቋርጡ ሰያፍ መንገዶችን ጨመሩበት። ከዚህ የተነሣ ከተማዋ የተነደፈችው በእንግሊዝ ሰንደቅ ዓላማ አምሳል ነው የሚል አፈ ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። ሌሎች ደግሞ ሰያፍ መንገዶቹ የታሰቡት ሕዝብ ቢያምፅ በመስቀለኛው ላይ የተጠመደ አንድ መትረየስ ብዙ መንገድ እንዲቆጣጠር ነው ይላሉ። ተማሪ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያነብ የሚያምር ተረትና የተረጋገጠ ፍሬ ነገር መለየት ይገባዋል። የተረጋገጠው ነገር መንገዶቹ ቀጥተኛና ሰያፍ መሆናቸው፣ የጠቅላይ ገዥው ቤተ መንግሥት ጎርደን በሞተበት ቦታ ላይ መልሶ መሠራቱ፣ ከቤተ መንግሥቱም በስተ ጀርባ ወደ ደቡብ የሚሄደው ዋና ጎዳና በንግሥት ቪክቶሪያ ስም መጠራቱ ነው። ይህ ለተሸናፊው ሕዝብ በድንጋይና በአፈር የተጻፈ መልእክት ነበር።

ኪችነር ሱዳንን ለቆ ሲሄድ በ1899 መጨረሻ ላይ የተተካው ሬጂናልድ ዊንጌት ነው። ዊንጌት በ1861 በስኮትላንድ፣ በክላይድ ወንዝ ዳር ባለችው በፖርት ግላስጎው የተወለደ ነው። እስከ 1916 ድረስ ሱዳንን በጠቅላይ ገዥነት አስተዳድሯል። የዊንጌት ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ1941 ከአርበኞቻችን ጋር በጎጃም የዘመተው፣ በአዲስ አበባም ትምህርት ቤት በስሙ የተሰየመለት ኦርድ ዊንጌት የእርሱ ዘመድ ነበር። በሬጂናልድ ዊንጌት ዘመን በካርቱም ከሠሩት ባለሙያዎች መካከል ሦስቱን እንመለከታለን፤ እነሱም አንድ መሐንዲስ፣ አንድ ሐኪምና አንድ የሕንፃ ነዳፊ ናቸው።

መሐንዲሱ ዊልያም ማክሊን

ዊልያም ሐና ማክሊን በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የተማረ መሐንዲስ ነው። በ1906 በሱዳን መንግሥት ተቀጥሮ እስከ 1913 ድረስ አገልግሏል። ሥራው የካርቱምን ንድፍ ማስፋፋትና በኦምዱርማን ውስጥ ቀጥተኛ መንገዶችን መክፈት ነበር። በ1910 በለንደን ከተማ ስለ ከተማ ፕላን ትልቅ ጉባኤ ሲደረግ፣ ማክሊን የካርቱምንና የኦምዱርማንን ንድፍ ለተሰብሳቢዎቹ አቀረበ።

ይህ ጉባኤ የተደረገበትን ጊዜ ልብ ማለት ይገባል። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው የከተማ ፕላን ሕግ የወጣው ከአንድ ዓመት በፊት በ1909 ነው። በዚያ አገር አንድ መሐንዲስ አንድ መንገድ ለማቅናት ቢፈልግ ባለ ርስቱን ማነጋገር፣ ካሣ መክፈልና ክርክር መስማት ነበረበት። በካርቱም ግን ንድፍ ከሕጉ ቀድሞ ሥራ ላይ ውሏል። ይህ የሆነው ካርቱም ከለንደን ስለ ሠለጠነች አይደለም። ከድሉ በኋላ አገዛዙ መሬቱን በእጁ ስላስገባና እንቢ የሚል ሸንጎም ሆነ ምርጫ ስላልነበረ ነው። ገና በ1899 በወጣው የካርቱም፣ የበርበርና የዶንጎላ የከተማ ቦታ ደንብ መሠረት፣ ባለ ቦታው በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ደረጃውን የጠበቀ ቤት ካልሠራ ቦታውን ያጣ ነበር። ስለዚህ በካርቱም የንድፍ ሥራ የቀለለው ተቃዋሚው አፍ ስላልነበረው ነው። ከዚህ የምንማረው ነገር፣ የአንድ ንድፍ ውበትና ፍጥነት ብቻውን የመልካም አስተዳደር ማስረጃ አለመሆኑን ነው።

የከተማው ቦታ በደረጃ ተከፋፈለ። አንደኛ ደረጃ የተባለው በጥቁር አባይ ዳር የተዘረጋው ነፋሻ ቦታ ሲሆን፣ ቤተ መንግሥቱ፣ መሥሪያ ቤቶቹና የእንግሊዝ ሹማምንት መኖሪያዎች ያሉበት ነበር። ከእሱ በስተ ጀርባ የግሪክ፣ የሶርያና የግብፅ ነጋዴዎች ሱቆችና ቤቶች ተሠሩ። ወደ ደቡብ ሲወርዱ የባቡር ጣቢያው ይመጣል። ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ ደግሞ ዴም እየተባሉ የሚጠሩት የሠራተኛ ሠፈሮች ነበሩ። የአንደኛው ደረጃ ባለ ቦታ ለረጅም ዓመታት በሚቆይ ውል ሲይዝ፣ የዴም ነዋሪ ግን ይዞታው እንደ ወር ተከራይ ይቆጠር ነበር። ይህም ማለት ቤቱን የሠራበት መሬት ነገ ለሌላ ሥራ ቢፈለግ ተነሥ ሊባል ይችላል ማለት ነው። ይህም አልቀረም፤ በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የድሮዎቹ ዴሞች ፈርሰው ነዋሪው ወደ አዲሶቹ ዴሞች እንዲዛወር ተደርጓል።

እዚህ ላይ ከእኛ ሰዎች ታሪክ ጋር የሚገናኝ ነገር አለ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ ተሰደው ካርቱም የገቡ ብዙ ሰዎች መጠጊያ ያገኙት በዴም ሠፈር ነው። በቀድሞዎቹ ገዥዎች ንድፍ ለዝቅተኛው ሠራተኛ የተተወው ቦታ፣ ከሰባ ዓመት በኋላ ለስደተኛው በር ከፈተ። ነዳፊው ያላሰበው ነገር ነው። ከተማ በነዳፊው ብቻ ሳይሆን በሚኖርበትም ሰው እንደሚሠራ ይህ ምስክር ይሆናል።

ሐኪሙ አንድሩ ባልፎር

አንድሩ ባልፎር በ1873 በኤዲንብራ ተወለደ። በወጣትነቱ ለስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ራግቢ የተጫወተ ሰው ነው። በ1902 በካርቱም የዌልካም የትሮፒካል ምርምር ላቦራቶሪ ዲሬክተር ሆኖ ተሾመ፤ ቆይቶም የከተማው የጤና ሹም ሆነ። ላቦራቶሪው የሚገኘው በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ ነበር። ይህ ኮሌጅ በ1902 የተከፈተ ሲሆን፣ በ1956 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

የወባ በሽታ በትንኝ አማካይነት እንደሚተላለፍ በሳይንስ መረጋገጥ የጀመረው ገና በ1897 ነው። ባልፎር ይህን አዲስ ዕውቀት ወዲያውኑ ሥራ ላይ አዋለው። የትንኝ ተቆጣጣሪ ሠራተኞችን አደራጅቶ የውኃ ጉድጓዶችን፣ በርሜሎችንና የአትክልት ማጠጫ ገንዳዎችን በየጊዜው ያስፈትሽ ነበር። የትንኝ እጭ በተገኘበት ውኃ ላይ ዘይት ይፈስሳል፤ ዘይቱም በውኃው ገጽ ላይ ተንሳፍፎ እጩ አየር እንዳያገኝ ያደርጋል። ትንኝ ከላይኛው የወንዙ ክፍል በመርከብ ተሳፍራ እንደምትመጣ ስለ ተረዳም መርከቦቹ እንዲፈተሹ አደረገ። በዚህ ዘዴ በካርቱም የወባ በሽታ በእጅጉ ቀነሰ። ባልፎር በ1913 ሱዳንን ከለቀቀ በኋላ በለንደን የትሮፒካል ሕክምናና የጤና አጠባበቅ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆነ።

ይህ ሥራ የሚመሰገን ነው። ትንኝ አንደኛ ደረጃና ሦስተኛ ደረጃ ቦታ አትለይም፤ ስለዚህም የባልፎር ሥራ ጥቅም ከሹማምንቱ ሠፈር አልፎ ሄዷል። ሆኖም የጤና ዕውቀት በዚያው ዘመን ለሌላ ዓላማም ይውል እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም። ለምሳሌ ያህል በሴራ ሊዮን ዋና ከተማ በፍሪታውን በ1904 የእንግሊዝ ሹማምንት ከአፍሪካውያን ተለይተው በኮረብታ ላይ እንዲሠፍሩ የተደረገው ወባን መከላከል በሚል ምክንያት ነው። ሳይንሱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ትንኟን ሲያጠፋ ሌላው ሰውን ከሰው ይለያል።

የሕንፃ ነዳፊው ሮበርት ዊር ሹልትዝ

ሦስተኛው ሰው ሮበርት ዊር ሹልትዝ ነው። እሱም እንደ ዊንጌት በፖርት ግላስጎው የተወለደ ሲሆን፣ የተወለደበት ዓመት 1860 ነው። በወጣትነቱ በግሪክ አገር የጥንት የቢዛንታይን አብያተ ክርስቲያናትን እየተዘዋወረ አጥንቷል። በካርቱም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካቴድራል እንዲነድፍ ሥራው የተሰጠው ለእሱ ነበር። የመሠረቱ ድንጋይ በ1904 ተጣለ፤ ካቴድራሉም በ1912 ተባረከ።

ሹልትዝ የእንግሊዝን አገር ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ቀድቶ ወደ በረሓ አላመጣም። የምሥራቁን የሕንፃ ጥበብ ስላጠና ግንቡ ወፍራም፣ መስኮቶቹም ጠባብ ሆነው ከፀሐይ እንዲከልሉ አደረገ። በሌላ በኩል ግን ካቴድራሉ የተሠራበት ቦታ በወንዙ ዳር፣ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ነበር፤ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት ከተማ የገዥዎቹ ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ ቦታ ያዘ ማለት ነው። ከሱዳን ነጻነት በኋላ፣ በ1971 ሕንፃው ከአምልኮ አገልግሎት ወጣ፤ በኋላም የሪፐብሊካን ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆነ። የጎርደንና የኪችነር ሐውልቶችም ከነጻነት በኋላ ተነሥተው ወደ እንግሊዝ ተወስደዋል። የቪክቶሪያ ጎዳና የቤተ መንግሥት ጎዳና ተባለ። ሐውልት ማንሣትና ስም መለወጥ በአጭር ጊዜ የሚፈጸም ነው። የመንገዱን አቅጣጫና የመሬቱን ክፍፍል መለወጥ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም።

ከካርቱም ወደ ኢየሩሳሌም

ማክሊን ከካርቱም ሲነሣ በ1913 ወደ ግብፅ ተዛወረ፤ የእስክንድርያንም ከተማ ንድፍ አወጣ። በ1918 የእንግሊዝ ጦር ኢየሩሳሌምን በያዘ ማግሥት የቅድስቲቱን ከተማ ንድፍ እንዲያዘጋጅ ተጠራ። በቅጥር ውስጥ ያለችው አሮጌ ከተማ እንድትጠበቅ፣ በዙሪያዋ ያለው መሬት ከግንባታ ነጻ እንዲሆን፣ አዲሱ ከተማም ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ እንዲያድግ አሰበ። ይህ ሐሳቡ ለብዙ ዘመን ተከብሯል። ነገር ግን በአዲሱ ከተማ ላይ ያሰመራቸው ቀጥተኛ መንገዶች ከኢየሩሳሌም ኮረብታዎችና ሸለቆዎች ጋር አልተስማሙም የሚል ትችት ደረሰበት። የካርቱም ሜዳ ያስለመደውን እጅ የኢየሩሳሌም ዳገት አልተቀበለውም።

በ1919 ሌላ ንድፍ እንዲያዘጋጅ የተጠራው ፓትሪክ ጌዴስም የስኮትላንድ ሰው ነው፤ በ1854 በባላተር ተወለደ። ጌዴስ ከ1914 ጀምሮ በሕንድ አገር ብዙ ከተሞችን እየዞረ ያጠና ሲሆን፣ ዋና ትምህርቱም ከመንደፍ በፊት ማጥናት ይቅደም የሚል ነበር። ሐኪም በሽታውን ሳይመረምር መድኃኒት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ነዳፊም የሕዝቡን አኗኗር ሳያውቅ ሠፈር ማፍረስ የለበትም ይል ነበር። የተጨናነቀ ሠፈርን ጠቅላላ ከማፍረስ ይልቅ እዚህም እዚያም ጥቂት ቤት ብቻ አንሥቶ አየርና ብርሃን ማስገባት ይበልጣል ብሎ ተከራከረ። እንግዲህ ሁለቱም ከአንድ አገር የወጡና በአንድ የቅኝ ገዥ መንግሥት ጥላ ሥር የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ አመለካከታቸው ግን የተለያየ ነበር። ስለዚህ ስኮትላንዶች እንዲህ ናቸው፣ እንግሊዞች እንዲህ ናቸው እያሉ በጅምላ መፍረድ ለታሪክ ጥናት አይበጅም።

አዲስ አበባን ስናነጻጽር

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1886 ነው፤ ኪችነር አዲሲቱን ካርቱም ከማስመሩ ከ12 ዓመት በፊት ማለት ነው። አዲስ አበባ ግን በማስመሪያ አልተነደፈችም። ቤተ መንግሥቱ በኮረብታ ላይ ሆነ፤ መኳንንቱ በየተሰጣቸው ቦታ ከጭፍራቸው ጋር ሠፈሩ፤ ሠፈሩም በመኳንንቱ ስም ተጠራ። በ1907 የወጣው የመሬት ደንብ ይህንኑ ይዞታ በሕግ አጸና። የውጭ አገር ባለሙያዎች አልነበሩም ማለት አይደለም፤ የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውኃ አስገብቷል፤ የአርመን፣ የሕንድና የግሪክ ግንበኞችም ብዙ ሠርተዋል። ነገር ግን ቀጣሪያቸው የአገሩ መንግሥት ነበር፤ የሚሠሩትም እሱ በጠየቃቸው መጠን ነው። ይህ ሲባል ሥርዓቱ ከበደል የጸዳ ነበር ለማለት አይደለም። ሰፊው መሬት የመኳንንቱ እንደ ነበርና ድሃው በእነሱ ጥገኝነት ይኖር እንደ ነበር የታወቀ ነው።

በካርቱም የተደረገውን የሚመስል ነገር በአዲስ አበባ የመጣው ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የኢጣልያ ወረራ ጊዜ ነው። የፋሺስቱ አገዛዝ ነጩና ጥቁሩ ተለያይተው የሚኖሩበት ንድፍ አወጣ፤ የአገሬውንም ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ገፋው። ዛሬ መርካቶ የምንለው ገበያና በአዲስ ከተማ የምናያቸው በማስመሪያ የተሰመሩ ጎዳናዎች የዚያ ንድፍ ውርሶች ናቸው። ሆኖም ሕዝቡ ለመገለል የተሰመረለትን ቦታ የአገሪቱ ትልቁ የንግድ ማዕከል አደረገው። ዴም እንደ ሆነው፣ መርካቶም ከነዳፊው ሐሳብ ውጪ የራሱን ሕይወት አገኘ።

እንግዲህ ሦስት ዓይነት ሁኔታዎችን አየን። ዶናልድ ሮስ በአሜሪካ ለባለጸጎች ክበብ በክፍያ ሠራ፤ ማክሊን በካርቱም ለድል አድራጊ መንግሥት ሠራ፤ ኢልግ በአዲስ አበባ ለአገሩ ንጉሥ ሠራ። ሁሉም ሙያቸውን ይዘው ከአገራቸው የወጡ ሰዎች ናቸው። ሙያቸው የራሳቸው ነበር፤ መስመሩ የት እንደሚያልፍና ማን በየት በኩል እንደሚቀር የወሰነው ግን በአብዛኛው የቀጠራቸው ኃይል ነው።

ዛሬ ላይ ሆነን

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም የተነሣው ጦርነት ይህን ሁሉ ታሪክ በአዲስ ዓይን እንድናየው ያስገድደናል። በወንዙ ዳር ያለው ቤተ መንግሥትና አካባቢው የውጊያ ሜዳ ሆነ፤ በመጋቢት 2025 የሱዳን ጦር መልሶ ሲይዘው ሕንፃው ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘረፈ። በካርቱም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ካርቱም በ1886 ፈርሳ በ1898 እንደገና መሠራት የጀመረች ከተማ ናት። ዛሬም የመልሶ ግንባታ ጥያቄ ቀርቦላታል። ከመቶ ዓመት በፊት ይህ ጥያቄ ሲነሣ የከተማው ሕዝብ አልተጠየቀም ነበር። አሁን ሲነሣ ማን ይጠየቃል? የዴም ነዋሪ መሬቱ በስሙ ይጻፍለታል ወይስ እንደገና እንደ ወር ተከራይ ይቆጠራል? ይህ የመሐንዲስ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከተማቸው በመስፋፋትና በመፍረስ ላይ ያለችው የእኛ አገር ነዋሪዎችም የሚጋሩት ጥያቄ ነው።

ለክፍል ሥራ

መምህራን ይህን ጉዳይ በክፍል ውስጥ ለማንሣት ቢፈልጉ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። ተማሪዎች በቡድን ተከፋፍለው ትምህርት ቤቱ የሚገኝበትን ከተማ ወይም ሠፈር በወረቀት ላይ ይንደፉ፤ ከዚያም የሚከተሉትን ጥያቄዎች ሽማግሌዎችንና የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞችን እየጠየቁ ይመልሱ።

1. ዋናው መንገድ መቼና በማን ትእዛዝ ተቀየሰ? ከዚያ በፊትስ በቦታው ምን ነበር?

2. የሠፈሩ ስም ከምን መጣ? የተለወጠ ስም ካለ የድሮው ማን ይባል ነበር?

3. ቧንቧ፣ መብራትና ሐኪም ቤት በመጀመሪያ የገቡት በየትኛው ሠፈር ነው? ለምን?

4. ድንጋዩን የፈለጡት፣ ጡቡን የሠሩት፣ ቦዩን የቆፈሩት እነማን ነበሩ? ከእነሱ መካከል በሕይወት ያለ አለ?

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ መልሱ በጽሑፍ የማይገኝ በመሆኑም ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል። የማክሊን ንድፍ ለለንደን ጉባኤ ስለቀረበ በመጽሐፍ ታትሞ ቀርቷል። በካርቱም ፀሐይ ጡብ የተሸከመው ሰው ግን ምንም አልጻፈም፤ የጠየቀውም የለም። በየከተማችን ያሉትን እንዲህ ያሉ ሰዎች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ለተማሪ የማይከብድ ሥራ ነው።